በልዕልት ስም

«ፖሊዛይ!» የሚል ድምፅ ከሊፍቱ በኩል ሲሰማ የኔነሽ በእጇ የያዘችውን ሰማያዊ ጨርቅ ባልዲው ውስጥ ጣለችና ጋሪዋን አዙራ መግፋት ጀመረች። አልሮጠችም፤ የሚሮጥ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። የጋሪው አንደኛው ጎማ ግን ዘይት ከቀመሰ የቆየ ነበርና ሲጢጥ ባለ ቁጥር የባንኩ ሃያ ሦስተኛው ፎቅ በሙሉ ዞሮ የሚያያት እየመሰላት ጀርባዋን ላብ አጠመቃት።

ለምን እንደ መጡ ማንንም አልጠየቀችም። ለእሷ ነው የመጡት።

ዘመኑ 2009 ዓ.ም.፣ ወሩ የካቲት ነበር። ስደተኛን ባቡር ጣቢያ ድረስ ወጥታ በጭብጨባ የተቀበለችው ፍራንክፈርት ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላት ፊቷን ማጥቆር ጀምራለች። በኤስ-ባኑ፣ በከተማው ባቡር ውስጥ፣ ትኬት ጠያቂውን ተከትሎ አውስቫይስ፣ መታወቂያ ጠያቂ ይመጣል። በየሃይሙ፣ በየስደተኛ መጠለያው፣ ሰው ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛል። የኔነሽ የጥገኝነት ጥያቄዋ ውድቅ ከሆነ ስምንት ወሩ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ ያለችው ወረቀት ዱልዱንግ ትባላለች፤ እስክትባረሪ ድረስ ታግሰንሻል ማለት ነው። ከሥሯ «ሥራ መሥራት አይፈቀድም» የሚል መስመር ተጽፎባታል።

ደረቷ ላይ የተንጠለጠለው የፕላስቲክ ባጅ ግን «ልዕልት ተስፋዬ» ይላል። ፎቶውም የልዕልት ነው።

ልዕልትና እሷ ሊቢያ ውስጥ አንድ መጋዘን አብረው ታስረዋል፤ በአንድ ጀልባም ወጥተዋል። ልዕልት ወረቀቷን አገኘችና ሆኽስት ከሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ተቀጠረች። የኔነሽ አላገኘችም። «ሁለታችንም ጠይም፣ ሁለታችንም ቀጭን፤ ፈረንጅ መች ይለየናል» ብላ ልዕልት ለዚህ ባንክ ጽዳት በራሷ ስም አመልክታ ባጁን ለጓደኛዋ ሰጠቻት። እውነትም ዓመት ሙሉ የለያቸው አልነበረም።

በመስኮት ቁልቁል አየች። የፖሊስ መኪኖች ከባንኩ ደረጃ ሥር ተደርድረዋል፤ ሰማያዊ የለበሱና ሲቪል የለበሱ ሰዎች የታጠፈ ካርቶን በብብታቸው ይዘው ይገባሉ። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ለመያዝ ይህ ሁሉ መኪና ለምን እንደሚያስፈልግ ማሰብ ይገባት ነበር። አላሰበችም። ከኮሪደሩ ጫፍ አንዲት ፖሊስ «ማንም ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ! ሁሉም አውስቫይሱን ያዘጋጅ!» ስትል ሰማችና ወደ ጽዳት ዕቃ ማስቀመጫው ከነጋሪዋ ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈች።

መብራቱን ሳታበራ ደወለች።

«ልዕልት፣ መጡ።»

«እነማን?»

«ፖሊሶች። ፎቁን ሞልተውታል። አውስቫይስ እየጠየቁ ነው።»

ከወዲያ የሳህን ድምፅና የአንድ ሽማግሌ ሳል ይሰማ ነበር፤ ከዚያ በር ተዘጋና ጸጥ አለ።

«ስሜን አንስተሻል?»

«ገና አላገኙኝም።»

«የኔነሽ፣ ስሚኝ። በደረጃ መውረድ ከቻልሽ ውረጂ። ከያዙሽ ግን...» ልዕልት ትንፋሿ ተቆራረጠ። «ባጁን ሰርቄ ነው በይ። እሷ አታውቅም፣ ሰርቄያት ነው በይ። ሐምሌ ላይ ወረቀቴ ይታደሳል። ገባሽ? በእናትሽ!»

«እሺ» አለች የኔነሽ። 

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ በጨለማው ውስጥ ተቀምጣ የክሎሪኑን ሽታ እየሳበች ቆየች። «ሰርቄ ነው በይ።» ባለፈው እሑድ ጻይልስሃይም፣ ጋሽ ሰይፈ ገብርኤል ቤት፣ ስለዚሁ ቃል ተጨቃጭቀው ነበር።

ጋሽ ሰይፈ ከሃይም አውጥተው ከኋላ ያለችውን ክፍላቸውን የሰጧት ሽማግሌ ናቸው። በ1965 ዓ.ም. ለትምህርት መጥተው፣ አገር ቤት ነገሩ ሲበላሽ በዚያው የቀሩ፤ ሶሲዮሎጂ ተምረው ሠላሳ ዓመት ሙሉ በገደብ የተለቀቁ እስረኞችን ለፍርድ ቤት ሲከታተሉ የኖሩ ሰው ናቸው። የዚያን እሑድ ሬዲዮ ላይ አንድ ፖለቲከኛ የወንጀል ቁጥር እየዘረዘረ ድሃ ሰፈሮችንና ስደተኞችን ሲያነሳ የኔነሽ ድምፁን ቀነሰችና ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ እውነት ነው እንዴ? ወንጀለኛ ሁሉ ድሃ ነው?»

መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጠረጉ። «እስር ቤት ሄጄ የማገኘው ሁሉ ድሃ ነበር» አሉ። «ይህ ግን ወንጀለኛ ሁሉ ድሃ ነው ማለት አይደለም።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ይህቺ ከተማ ለሁሉም ሰው አንድ ነገር ታስጎመጀዋለች፤ ደህና ቤት፣ ደህና ልብስ፣ የተከበረ ስም። መውጫውን ደረጃ ግን ለሁሉም አትሰጥም። ደረጃ ያጣ በመስኮት ልግባ ይላል። ይሄ አንዱ ነው። ደግሞስ ፖሊስ የሚዞረው የት ነው? ባቡር ጣቢያው ዙሪያ፣ የእናንተ ሃይም ደጃፍ። ዓሣ የሚያዘው መረብ በተጣለበት ነዋ! ሌላውን እኔ ራሴ ፋይል ስጽፍ ነው ያየሁት። ከሱቅ ቅቤ ያነሳ ልጅ ሌባ ተብሎ ይጻፋል። በአንዲት ፊርማ የስንቱን ሕዝብ ግብር የበላ ግን...» እጃቸውን አወናጨፉ። «ለእሱ ቃሉም ሌላ ነው። ‹የአተረጓጎም ልዩነት› ይሉለታል።»

የኔነሽ ይህ አልጣማትም። «እናቴ ድሃ ናት። የሰው መርፌ ነክታ አታውቅም። እርስዎ ሰበብ ነው የሚያበጁልን።»

«ምክንያት መናገር ሰበብ ማበጀት አይደለም ልጄ። አብዛኛው ድሃ እንደ እናትሽ ነው፤ እሱን ማንም አይቆጥረውም።»

«እኔስ? የሰው ስም ይዤ የምሠራው በየትኛው ምክንያት ነው?»

ጋሽ ሰይፈ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «እኔ ላንቺ የምፈራው ቅጣቱን አይደለም» አሉ። «ምስጢርሽን አንድ ሰው ያወቀ ቀን ያ ሰው ጌታሽ ይሆናል። ፋይል ከጻፍኩላቸው ልጆች ስንቱ ለራሱ አልሰረቀም መሰለሽ! ሌላው ያሰበውን ተሸክመው ሲሄዱ ነው የተያዙት።»

የዕቃ ክፍሉ በር ከውጭ በኩል ጠቅ አለ። የኔነሽ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። መቆለፊያው ዞረና ብርሃኑ ዓይኗን ወጋት።

ፖሊስ አልነበረም። ዶክተር ኬስትነር ነበር፤ የፎቁ ኃላፊ። በዚያ ፎቅ «ጉተን ሞርገን፣ ፍራው ተስፋዬ» ብሎ በስም ሰላም የሚላት እሱ ብቻ ነው። የቢሮው በር ላይ ስሙ የሚጀምረው በሁለት ማዕረግ ሲሆን ጸሐፊዎቹ አንደኛውን እንኳ ሳይጠሩ አያናግሩትም። ፊቱ አመድ መስሏል። ከኋላው በሩን ገጠመና መብራቱን አበራ። በእጁ የላፕቶፕ ቦርሳ ይዟል።

«እዚህ ነዎት እንዴ» አለ በሹክሹክታ፤ ደስ ያለው ይመስላል። «ፍራው ተስፋዬ፣ ይህን ከቆሻሻው ጋር ወደ ምድር ቤት ያውርዱልኝ። ከወረቀት ማጠራቀሚያው ጀርባ ያስቀምጡት። ሰው መጥቶ ይወስደዋል።»

«ፖሊሶች አሉ፣ ሄር ዶክተር። ይፈትሹኛል።»

«ለእርስዎ አይደለም የመጡት። ለእኛ ነው። የግብር ጉዳይ ነው፣ የቆየ ነገር።» ከጋሪዋ ጥቁሩን የቆሻሻ ከረጢት ከፍቶ ቦርሳውን ወደ ውስጥ ሰደደና የሽንት ቤት ወረቀትና የፍራፍሬ ልጣጭ በላዩ ላይ አለበሰበት። ንጹሑ እጅጌው በእርጎ ተበከለ።

«አልችልም» አለች የኔነሽ። 

ዶክተር ኬስትነር ቀና ብሎ አያት። ዓመት ሙሉ በአክብሮት «ዚ»፣ እርስዎ ነበር የሚላት። አሁን «ዱ»፣ አንቺ አላት።

«አንቺን ማን ያይሻል?» እጁን ዘርግቶ ባጁን በሁለት ጣቱ ያዘ። «ይህቺ ሴት ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት። አንቺ የለሽም። ካወቅሁ ቆየሁ። እኔ ዝም ብያለሁ፤ ዛሬ ደግሞ አንቺ ዝም ትያለሽ።» ባጁን ለቀቀው። ደረቷ ላይ ሲያርፍ ደነገጠች። «ወይም አሁን ወጥቼ ለፖሊሷ ልንገራት። ሁለታችሁም አትተርፉም።»

ከዚያ በኋላ ጋሪዋን ስትገፋ እግሮቿ የማን እንደነበሩ አታስታውስም። በኮሪደሩ አውስቫይስ የምትሰበስበው ፖሊስ ቢጫ ጓንቷንና ከረጢቱን አየችና ወደ ዕቃ ሊፍቱ በእጇ አሳለፈቻት። ስም አልጠየቀቻትም። ኬስትነር እውነቱን ነው፤ ማንም አላያትም።

ሊፍቱ መውረድ ጀመረ። ሃያ ሁለት፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ። የኔነሽ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ «ኪዳነ ምሕረት፣ ኪዳነ ምሕረት» ትላለች። አሥራ አራተኛው ላይ ሊፍቱ ቆመ።

ሁለት ፖሊሶች የታሸጉ ካርቶኖች ተሸክመው ገቡ። አንደኛው ወጣት ነው። ሌላው ጢሙ የሸበተ፣ ትከሻው ላይ ሁለት ኮከብ ያለው መኮንን፣ ኦበርኮሚሳር ነው። ወጣቱ ሱሪው ከረጢቱን እንዳይነካ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለ። ስለ ምሳ እያወሩ ነበር፤ ከጥግ ያለው ሱቅ ቋሊማው ጥሩ እንደሆነ፣ ሰናፍጩ ግን ምንም እንደማይል። የኔነሽ ከረጢቱን በጉልበቷ ደግፋ ይዛለች። በስሱ ላስቲክ ውስጥ የቦርሳው ማዕዘን ቅርጹ ይታያል። ለእሷ ይታያል። ሽማግሌው አንድ ጊዜ ቁልቁል ተመለከተ፤ ሰዓቱን ነበር ያየው።

ምድር ቤት ሲደርሱ ኦበርኮሚሳሩ በሩን በእግሩ ያዘላት። «ቢተ» አላት፣ ትቅደም ብሎ። እነሱ በቀኝ ወደ መኪና ማቆሚያው፣ እሷ በግራ ወደ ቆሻሻው ክፍል ሄዱ።

የቆሻሻው ክፍል በር የሚከፈተው በባጅ ነው። አስነካችው። ከመክፈቻው በላይ ያለችው ትንሽ መስኮት በአረንጓዴ ጽሑፍ በራች፤ «ተስፋዬ፣ ልዕልት። 9፡52።»

ዓመት ሙሉ በየቀኑ ያየችው ጽሑፍ ነው። የዚያን ቀን ግን እያነበበችው እጇ በአየር ላይ ቀረ።

ገብታ ከረጢቱን አወረደች። ከማጠራቀሚያዎቹ ማዶ የኋላ መውጫው ተከፍቶ የመንገዱ ብርሃን ይታያል፤ የቆሻሻ መኪና ሊገባ ነው። ከዚያ ወጥታ ኤስ-ባኑ ድረስ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ቦርሳውን ከወረቀት ማጠራቀሚያው ጀርባ ጥላ፣ ባጁን አውልቃ መሄድ ትችላለች። የሚያስቆማት የለም። ዶክተሩም አይናገርባትም፤ ቢናገር የራሱን ገመና ያወጣል።

ከዚያስ? ዛሬ ባይሆን ነገ ቦርሳው ይፈለጋል። ማን ወደ ምድር ቤት ወረደ ተብሎ ይጠየቃል። ማሽኑ መልሱን አሁን ጽፎታል። ተስፋዬ፣ ልዕልት። ፖሊስ የሚሄደው ሃያ ሦስተኛው ፎቅ ሳይሆን ሆኽስት ነው፤ ሽማግሌዎቹን ቁርስ ስታበላ ይደርሱባታል። ባጅ ማዋስ አንድ ነገር ነው፤ ከፍርድ ቤት ማስረጃ መሸሸግ ሌላ ነው። ልዕልትም እኔ አይደለሁም ብላ ብትምል ማን ያምናታል? እዚያ የነበረችው እሷ ናት፤ ተጽፏል።

የኔነሽ በዚያ በሚሸት ክፍል መሐል ቆማ አለቀሰች። ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ያመለጠችው ነገር ሁሉ በመሸሽ ያመለጠችው ነው። አሁን ግን የቀራት አንዱ መሸሻ በልዕልት ላይ የሚያልፍ ሆነ።

እጇን ከረጢቱ ውስጥ ከትታ ቦርሳውን አወጣች። ልጣጩን አራገፈችና ማንጠልጠያውን በሁለት እጇ ይዛ በመጣችበት በር ተመለሰች።

ኦበርኮሚሳሩ ካርቶኑን መኪና ላይ ጭኖ እየተመለሰ ነበር። ፊት ለፊቱ ስትቆም ፈገግ አለ፤ መንገድ የጠፋት መስሎት ይሆናል።

«ይህ ቆሻሻ አይደለም» አለች በጀርመንኛ። ድምፅዋ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጥኖ ወጣ።

ቦርሳውን አየ። እሷን አየ። ፈገግታው ጠፋ። «ከየት አመጡት?»

«ሄር ዶክተር ኬስትነር ነው የሰጠኝ። ቆሻሻ ውስጥ ከቶ። ሃያ ሦስተኛ ፎቅ።»

ሽማግሌው ሬዲዮውን ከትከሻው አንስቶ ሁለት ቃል ተናገረ። ከዚያ የማስታወሻ ደብተሩን ከፈተ። ዓይኑ ባጇ ላይ አርፎ፣ እስኪርቢቶው «ልዕልት» ብሎ ሊጀምር ሲል፣ «አይደለሁም» አለችው። «የኔነሽ እባላለሁ። የኔነሽ ገሰሰ።»

ሁለት ሰዓት ያህል ከምድር ፎቁ አዳራሽ ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጧት። አንዲት ዐቃቤ ሕግ መጥታ ጠየቀቻትና አመስግናት ሄደች። ቀጥሎ ዶክተር ኬስትነር ከጠበቃው ጋር ከሊፍቱ ወጣ። ካፖርቱ በክንዱ ላይ ነው። ማንም አልነካውም። ኦበርኮሚሳሩ «መቼ እንደምንጠራዎ በጠበቃዎ በኩል እናሳውቃለን፣ ሄር ዶክተር» አለው፤ እሱም ራሱን ነቀነቀና በሚዞረው የመስታወት በር ወጥቶ ታክሲ ያዘ። በአጠገቧ ሲያልፍ አላያትም።

ከዚያ ኦበርኮሚሳሩ ወደ እሷ መጣ። ፊቱ ላይ እፍረት የሚመስል ነገር ነበር። «ማንነትዎ ስላልተረጋገጠ ጣቢያ መሄድ አለብን። አሻራ ይወሰዳል። ደንቡ ነው።»

በዚያን ቀን ከዚያ ባንክ በፖሊስ መኪና ተጭኖ የተወሰደ ሰው የኔነሽ ብቻ ነበረች። የሥራ ባልደረቦቿ በመስታወቱ ውስጥ ቆመው አዩአት። ሌባዋ መገኘቷን ለየቤታቸው ሳይናገሩ አልቀሩም።

ለእሷ ቅጣቱ ያለ ችሎት በስድስት ሳምንት ውስጥ በፖስታ መጣ። የዶክተር ኬስትነር ፋይል ግን አራት ዓመት ፈጅቶ ጥፋተኛ ነው ሳይባል በስምምነት ተዘጋ፤ እሷንም ለዚያ ፋይል ምስክርነት ስለፈለጓት ሳያባርሯት ቆዩ። ይህ ሁሉ ገና የሚመጣ ነው። በዚያች ቀን የምታውቀው የመኪናው መስኮት ከውስጥ እንደማይከፈት ብቻ ነበር።

ጣቢያው ውስጥ አንድ ስልክ እንድትደውል ፈቀዱላት። ልዕልት ጋ ሳይሆን ጋሽ ሰይፈ ጋ ደወለችና፣ ባጁን ሰርቄ ነው እንደምትል ለልዕልት እንዲነግሩላት ጠየቀቻቸው። ጣቶቿን አንድ በአንድ መስታወት ላይ ካሳረፉ በኋላ ኦበርኮሚሳሩ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ።

«ባጁን እንዴት አገኙት?»

የኔነሽ ለልዕልት ቃል ገብታለች።

«ሰርቄ ነው።»

«ከፍራው ተስፋዬ?»

«አዎ። እሷ አታውቅም።»

«ዓመት ሙሉ? ደሞዙስ በማን ስም ይገባ ነበር?»

«ሰርቄ ነው» አለች ደግማ። ሽማግሌው ተነፈሰና መጻፍ ጀመረ። ቃሉ በኮምፒውተሩ ገጽ ላይ ሲወጣ ከወንበሯ ሆና አነበበችው፤ ስርቆት። ወንዝ ስትሻገር፣ በረሃ ስትገባ፣ ረሃብ አንጀቷን ሲያጥፈው ያላደረገችውን ነገር አደረገች ተብሎ ተጻፈ።

በሩ ተንኳኳ። አንድ ወጣት ፖሊስ ብቅ ብሎ «ሰዎች መጥተዋል፤ ካልገባን ይላሉ» አለ። ከኋላው ጋሽ ሰይፈ ገብርኤል ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ልዕልትም አብራቸው አለች፤ የመጦሪያው ነጭ የሥራ ልብስ ላይ ካፖርት ደርባ፣ ጫማዋን እንኳ አልቀየረችም። ፊቷ አብጧል።

የኔነሽ ብድግ አለች። «ለምን አመጧት ጋሼ!» አለች በአማርኛ። «ሁሉን ተናግሬ ጨርሻለሁ! ሂጂ ልዕልት፣ ሂጂ!»

«እኔ አላመጣኋትም» አሉ ጋሽ ሰይፈ። «ያልሽውን ብቻ ነው የነገርኳት። እኔ ሳልደርስ ደጃፉ ላይ ቆማ አገኘኋት።»

ልዕልት ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። በቅንድቧ ላይ ያለው ጠባሳ በመብራቱ ሥር ነጭ ሆኖ ታየ። የመኖሪያ ካርዷን ከቦርሳዋ አውጥታ ከኮምፒውተሩ ጎን አስቀመጠችና እጇን አላነሳችም፤ ካነሳች ካርዱን መልሳ የምትወስደው ይመስል ነበር።

«አልሰረቀችኝም» አለች በጀርመንኛ። «እኔ ነኝ የሰጠኋት። እያወቅሁ።»

ኦበርኮሚሳሩ ሁለቱን ተራ በተራ ተመለከታቸው። «ፍራው ተስፋዬ፣ ይህ ቃል ምን እንደሚያስከትልብዎት ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ማንም አልጠራዎትም። ለምን መጡ?»

ልዕልት መልሱን ለኦበርኮሚሳሩ አልሰጠችም። ወደ የኔነሽ ዞራ በአማርኛ ተናገረች።

«ቤቴ ቁጭ ብዬ በሩ እስኪንኳኳ መጠበቁን አልቻልኩትም።»